ጋሽ አሰፋና የኮምባይነሩ ሃያ ስድስት ደቂቃ

ጋሽ አሰፋ ሞተውም አናደዱኝ።

በተቀበሩ በሳምንቱ ትልቋ ልጃቸው ማርታ አሰላ ወዳለው ፎቶና ቪዲዮ ቤታችን መጣችና፣ ለአርባቸው ቀን የሚታይ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ የቪዲዮ ማስታወሻ እንድሠራላት ለመነችኝ። «እባክሽ አጭር ይሁን፤ የአባዬን ነገር ታውቂያለሽ» አለችኝ፤ በለቅሶዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። ሁለት ቀን ሙሉ ሃርድ ዲስኮቹን አገላበጥኩ። አሥራ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ የሌለ ነገር የለም። የጭላሎ ጉም አለ። ከአርቦዬ ገበያ የሚመለሱ አህዮች አሉ፣ ከኋላቸው። ቆርቆሮ ላይ የተጋገረ ውርጭ አለ፣ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ አለ። እሳቸው ብቻ የሉም። አንድ ቦታ ላይ ጥላቸው ስንዴ ማሳ ላይ አርፎ ይታያል፤ እሱም ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ሳይነቃነቅ። የሦስት ደቂቃ ፊት ያልተወልን ሰው የዘጠኝ ደቂቃ ጥላ ትቶልን ሄደ። ማርታን ምን እንደምላት እስካሁን አላውቅም።

ለማያውቋቸው ልንገር። ጋሽ አሰፋ ከጎጃም ተመድበው መጥተው መጀመሪያ ጎበሳ፣ በኋላ አሰላ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ጓደኞቻቸው ዳማ መጫወት ጀመሩ፤ እሳቸው ካሜራ ገዙና ሰርግ መቅረጽ ጀመሩ። ኦሮምኛውን በጎጃም ዜማ ነበር የሚናገሩት፤ የገጠሩ ሰው ይስቅባቸዋል፣ ይወዳቸዋልም። ቡናማ ካፖርታቸውን ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ አያወልቁም። ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ ከሰቀሉ በኋላ ክፍል ውስጥ እንዳለ አስተማሪ መዳፋቸውን ያነሳሉ። ያ እጅ እስኪወርድ ማንም ትንፍሽ አይልም። ችግሩ ቶሎ አለመውረዱ ነው።

እኔ ኤዲተራቸው ነበርኩ። እሳቸው ያስረዘሙትን ማሳጠር ሥራዬ ስለሆነ ስሜን ትተው «መቀስ» ይሉኝ ነበር።

«መቀስ፣ ደህና አደርሽ?» ይላሉ ጠዋት ሲገቡ።

«ደህና፣ ጋሽ አሰፋ። ትናንት ስንት ሰዓት ቀርጸው መጡ?»

«ትንሽ ነው። ስድስት ሰዓት ቢሆን ነው።»

ከስድስቱ ሰዓት ሙሽራዋ ያለችበት አርባ ደቂቃ ከሆነ ዕድለኛ ነኝ። ቀሪው ሰማይ ነው፣ አጥር ነው፣ የዳሱ ሸራ ላይ የሚንጠባጠብ ዝናብ ነው። ባለሰርጉ ደግሞ በየቀኑ እየደወለ «አልደረሰም ወይ?» ይለኛል። ጋሽ አሰፋ ጨጓራዬን የላጡት እንዲህ አድርገው ነው።

እኛ ዘንድ የሰርግ ቪዲዮ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዘመድ አዝማድ ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ «እኔ የት አለሁ?» እያለ የሚያየው ነገር ነው። ስለዚህ ካሜራማን ዳሱ ውስጥ ጠረጴዛ በጠረጴዛ መዞር አለበት፤ የሚጎርሰውንም፣ የሚያጎርሰውንም፣ አኩርፎ የተቀመጠውንም እየቀረጸ። ካሜራው የዘለለው አጎት ዓመቱን ሙሉ ቤትህ አይደርስም። ይህን ጋሽ አሰፋ አያውቁም ማለት አይቻልም፤ ሠላሳ ዓመት አርሲ የኖሩ ሰው ናቸው። ግን የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ይደርሱና ጠላ የምትቀዳ ሴት እጅ ያያሉ። በቃ፣ እዚያው ይቀራሉ።

አንድ ቀን ልጃቸውን የዳሩ አቶ ቱፋ የሚባሉ ገበሬ፣ የሰጠናቸውን ፍላሽ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ገቡ።

«ማሊ ኩኒ? ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ሰላምታም ሳይሰጡ። «የልጄ ሰርግ ነው ወይስ የግብርና ቢሮ ሪፖርት? ገብስ ሲወዛወዝ አሥራ አንድ ደቂቃ! ገብሱ የራሴ ነው፣ አቦ፤ በየቀኑ አየዋለሁ። ወንድሜ ከጢቾ ድረስ በሬ ነድቶ መጥቶ አንዴ እንኳ አልታየም!»

ጋሽ አሰፋ በትህትና ብድግ አሉ። «አቶ ቱፋ፣ ነፋሱን አላዩትም?»

«የምን ነፋስ?»

«ገብሱ ውስጥ የሚያልፈውን። ልጅዎ ከቤትዎ የወጣችው እኮ በዚያ ነፋስ ነው።»

አቶ ቱፋ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ በኋላ ወንድምየውን፣ በሬውንም ጭምር፣ ከአንድ እንግዳ ስልክ ላይ ለምኜ አምጥቼ ቪዲዮው ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ። ጋሽ አሰፋ ያንን ሲያዩ «ምስሉ ተንቀጠቀጠ» ብለው አዘኑ። ያዘኑት ለምስሉ ነው!

ጭቅጭቃችን ሁልጊዜ አንድ ነበር። እኔ ሰው ቁጭ ብሎ ፊልም የሚያየው የአንድን ሰው ነገር መጨረሻውን ለማወቅ ነው፤ ካልጓጓ ይተኛል እላለሁ። እሳቸው «ይተኛ፤ እንቅልፍ ምን ክፋት አለው?» ይላሉ። ታሪኩ የት አለ ስላቸው «ምስሉ እየተናገረ ነው፤ ለምን ታቋርጪዋለሽ?» ይሉኛል። እጄ ወደ መቁረጫው ሲሄድ ካዩ ደግሞ ከኋላዬ መጥተው «ተይው፣ ይቆይ» ይላሉ፤ ቀስ ብለው፣ የተኛ ሕፃን እንዳለ ሁሉ። ያቺን «ተይው፣ ይቆይ» በቀን ሃያ ጊዜ እሰማት ነበር።

የባሰው የመጣው የራሳቸውን ፊልም ሲሠሩ ነው። ስሙን «ጉም» አሉት። ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። አንድ ገበሬ ከጭላሎ ግርጌ ተነስቶ በእግሩ ወደ አሰላ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ምን ሊያደርግ ነው የሚሄደው?» አልኳቸው።

«ይሄዳል።»

«እኮ ለምን? ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው? ልጁ ታሞበታል? ሚስቱ ጥላው ኮብልላለች?»

«ምን ሟርተኛ ነሽ አንቺ! ሰውየው ደህና ነው፤ ይሄዳል።»

«ታዲያ አሰላ ይደርሳል?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱን አልቀረጽኩትም» አሉ።

ፊልሙ የታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ነው። አዳራሹ ሞላ፤ የአሰላ ሰው ግማሹ ተማሪያቸው ስለነበር ወዶአቸው መጣ። በመጀመሪያው ሰዓት ማለቂያ ላይ «ሻይ ቢጤ ቀምሰን እንመለስ» ያሉት ወጡ፤ አልተመለሱም። በሁለተኛው ሰዓት ታቦት የሚሸኝ ይመስል ሰው በሰልፍ ወጣ። በሦስተኛው እኔ፣ ማርታና አሥራ አምስት የሚሆኑ የማይሸሹ ሰዎች ቀረን። በዚህ መሃል የፊልሙ መጋረጃ ጠቆረ። ዝም ብለን ተቀመጥን። ገበሬው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይሆናል ብዬ ነበር። በመጨረሻ የአዳራሹ ዘበኛ ራሱን በበሩ አስገብቶ «መብራት ሄዷል እኮ፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለን። እኔ በእፍረት መሬት ልግባ ስል፣ ጋሽ አሰፋ ፊታቸው በርቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አየሽ? ጠበቁ!»

ከዚህ ሁሉ በላይ አንጀቴን ያሳርረኝ የነበረው ግን ሌላ ነው። ምስሎቹ ያምሩ ነበር። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እጅግ ያምሩ ነበር። ገበሬው ጉሙ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ሳሉ ብቻ ይሰማል፤ ቆይቶ ሳሉም ይርቃል። እስካሁንም ክረምት በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እንዲህ ማየት የሚችል ሰው ሰውየው ለምን እንደሚሄድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግረን ምን ይጎድልበት ነበር? ድንጋይ ራስ ባይሆኑ ኖሮ አገር የሚያውቃቸው ሰው ይሆኑ ነበር። ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬአቸዋለሁ። «አሰላ ያውቀኛል፤ አይበቃም?» አሉኝ።

ወደ ኮምባይነሩ ልምጣ። አንድ ጊዜ ሰርገኞች ሙሽራዋን ከአሰላ ይዘው ወደ በቆጂ ሲጓዙ፣ ሳጉሬን እንዳለፉ አንድ ጠባብ ድልድይ ላይ ኮምባይነር መንገድ ዘጋባቸው። አጨዳ ሲደርስ እዚህ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቤት የሚያክለው ማጨጃ ከማሳ ወደ ማሳ ሲዛወር መንገዱ የሱ ነው። ይሄኛው ጎማው ተበላሽቶ ቆመ። ሰርገኛው ከመኪናው ወርዶ አስፋልቱ ላይ ጭፈራውን አቀለጠው። እስቲ አስቡት፤ ሙሽራ በቬሎ፣ አገር ምድሩ እየጨፈረ፣ መሃል መንገድ ላይ! የትኛውም ካሜራማን ቢሆን ይህን ለማግኘት ስለት ይሳላል። ጋሽ አሰፋ ጀርባቸውን ለጭፈራው ሰጥተው ትራይፖዳቸውን ተከሉና ኮምባይነሩን ቀረጹት። ሃያ ስድስት ደቂቃ። ካሜራው አልተነቃነቀም፤ ኮምባይነሩም አልተነቃነቀም።

«ይሄ አይገባም» አልኳቸው።

«ተይው፣ ይቆይ።»

«የቆመ ኮምባይነር ነው፣ ጋሽ አሰፋ! ቢያጭድ እንኳ አንድ ነገር ነው!»

«ቀስ ብለሽ እዪው። ብዙ ነገር አለው።»

ሁለት ቀን ተኳረፍን። በመጨረሻ አምስት ደቂቃ ብቻ አስቀረሁላቸው፤ ያንንም ለዕድሜያቸው ብዬ ነው። ቀጥሎ ሰርግ በሰርግ ላይ ተደራረበ፣ ሃርድ ዲስኩ ሞላ፣ የተረፈውን ሃያ አንድ ደቂቃ ሳልነግራቸው አጠፋሁት።  ሲደርሱበት ሻያቸውን ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ብዙ ጊዜ አማሰሉት።

ስምንት ወር ያህል ቆይቶ አንዲት እናት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወደ ሱቃችን ገቡ። እማማ አስካለ ይባላሉ፤ የመጡት ከበቆጂ ነው። ልጃቸው ደረጀ የዚያ ሰርግ ሚዜ ነበር። ክረምት ላይ በመኪና አደጋ ሞተባቸው፤ ስልኩም አብሮት ደቀቀ።

«ፎቶማ አለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ግድግዳው ሞልቷል። እኔ ሲንቀሳቀስ ነው ማየት የምፈልገው። ሰርጉ ላይ ቀርጻችሁታል አሉኝ።»

አስቀምጬአቸው ቪዲዮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለግሁ። የደረጀ ትከሻ ተገኘ። ጃንጥላ የያዘ እጁ ተገኘ። ፊቱ ኬኩ ሲቆረስ ለሁለት ሰከንድ ብቅ ይልና የአንዲት ሴትዮ ጸጉር ይሸፍነዋል። እማማ አስካለ ያቺን ሁለት ሰከንድ አራት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ይኸው ነው?» አሉ፤ አመስግነውኝ ወጡ። ማመስገናቸው ገደለኝ።

ጋሽ አሰፋ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ትዕግሥቴ በዚያ ቀን አለቀ።

«አንድ ፊት! አንድ የሰው ፊት እንዴት አይቀረጽም?» ብዬ ጮህኩባቸው። «እኚህ እናት ተራራ አላጡም፤ በቆጂ ናቸው፣ ተራራው ደጃቸው ላይ ነው! ገብስም አላጡም! ሰርግ ተጠርተው ሄደው ሰው ትተው ይመጣሉ? ይኸው ሰው ሞተ። አሁን ምን እንስጣቸው? ነፋስ እንስጣቸው?»

አፌ ባለጌ ሆኖ አያውቅም፤ በተለይ በእሳቸው ላይ።  የካፖርታቸውን ቁልፍ ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ኮምባይነሩ ላይ አለ» አሉ በመጨረሻ።

«ማን?»

«ደረጀ። ቀኝ ጥጉ ላይ እዪ።»

አምስቱን ደቂቃ ከፈትኩት። እውነትም ቀኝ ጥጉ ላይ፣ ድልድዩ ግንብ ላይ፣ ሱፍ የለበሰ ልጅ ተቀምጧል። ፊቱ ወደ እኛ ነው። ለወራት በእጄ ላይ የነበረ ምስል፣ ኤዲተሩ እኔ፣ አላየሁትም። ቅድም ስፈልግም ኮምባይነሩን ዘልዬው ነበር።

ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዤ ከጋሽ አሰፋ ጋር በሚኒባስ በቆጂ ሄድን። እማማ አስካለ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ላፕቶፑን ፊታቸው ያለው ሳጥን ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጥጉን በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ኮምባይነሩን ያየው ሰው የለም።

ደረጀ ምንም አያደርግም። የስንዴ ዛላ በመዳፉ ያሻል፣ ገለባውን እፍ ይላል፣ ወደ አፉ ይጥላል። ያዛጋል። አንገቱን ያካል። ከምስሉ ውጪ ያለ ሰው የሆነ ነገር ይለዋል፣ ይስቃል፣ መልሶ ያኝካል። «ይኸውና» ይላሉ እማማ አስካለ በሹክሹክታ፣ «ይኸውና፣ ሲያክ... በግራ እጁ ነው የሚያክ...» እንባቸው ይወርዳል፤ እሳቸው ግን አይጠርጉትም፤ ለመጥረግ ዓይን መክደን ይጠይቃል። አምስተኛው ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ደረጀ ከግንቡ ወረደ፣ እጁን ሱሪው ላይ አራገፈ፣ ቀጥታ ወደ ካሜራው መራመድ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። እዚያ ላይ ቆርጬዋለሁ።

እማማ አስካለ የጠቆረውን መስታወት እያዩ ቆዩ። «ወደ እኛ እየመጣ ነበር እኮ» አሉ። «ከዚያስ?»

 አጠፋሁት ልላቸው ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልል ነበር። ጋሽ አሰፋ ቀደሙኝ።

«ባትሪ አለቀብኝ፣ እትዬ አስካለ። ጥፋቱ የኔ ነው። ካሜራው ጠፋ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነበር። ልንገርዎት።»

ነገሯቸው። እኚያ ታሪክ የሚባል ነገር የሚጠሉ ሰው ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ከመጀመሪያው ጀምረው፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ደረጀ መጣ፤ ትንሽ እንደተራመደ ማነከስ ጀመረ። ግራ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

እማማ አስካለ ከለቅሷቸው መሃል ሳቁ። «ጫማው ከአጎቱ ልጅ የተዋሰው ነው! ጠብቦት ነበር!»

«ጠብቦት ነበር» አሉ ጋሽ አሰፋ። «መጣና ‹ምኑን ነው የሚቀርጹት?› አለኝ። ኮምባይነሩን አልኩት። ‹የቆመውን?› ብሎ ሳቀ። በካሜራው እይ አልኩት። አጎንብሶ ብዙ አየ። ከዚያ ‹እኔ እታይ ነበር?› አለኝ። ጥግ ላይ አልኩት። ‹ታዲያ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ቀና ብዬ እቀመጥ አልነበር?› አለኝ። ከኪሱ ስንዴ ቆንጥሮ ሰጠኝ። እያነከሰ ተመለሰና ኮምባይነሩ እስኪነሳ ድረስ ቀጥ ብሎ፣ ሚዜ መሆኑን አስታውሶ፣ ተቀመጠ።»

እማማ አስካለ እንደገና አስነገሯቸው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረዘመ፤ በሦስተኛው ላይ የኮምባይነሩ ሾፌርም ገባበት። በሶ በጥብጠው አጠጡን፤ እኛም እየጠጣን ጋሽ አሰፋ አራተኛውን ቀጠሉ። ስንወጣ እማማ አስካለ የጋሽ አሰፋን እጅ ይዘው ደጅ ድረስ ሸኙን።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።  ሳጉሬ ስንደርስ መቻል አቃተኝ።

«ጋሽ አሰፋ፣ ጫማውስ ይሁን። ቀሪው እውነት ነው?»

ዘወር ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የገረማቸው ይመስላል። «አላየሽውም እንዴ? ሃያ አንዱን ደቂቃ?»

አላየሁትም። የቆመ ኮምባይነር ነው ብዬ በፍጥነት እያሳለፍኩ ነበር የቆረጥኩት፤ ሳጠፋውም ቁጭ ብዬ አላየሁትም። ይህን በዚያ ሰዓት ለእሳቸው መናገር አልቻልኩም።

«አይቼዋለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ?» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።